በካርቶን የቀሩ ጅምር የእጅ ሥራዎች፦ ከቤተሰብ ጋር ተሰብስባችሁ የጨረሳችሁ ንገሩኝ

ልቃቂት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ቤት ልናስቀባ ቁም ሳጥን ላይ ተደርድረው የኖሩትን ካርቶኖች አወረድን። ውስጣቸው ያለው ሁሉ ጅምር ነው። እናቴ የጀመረችው የዳንቴል አልጋ ልብስ አለ። አበባ አበባው ተሠርቶ ተቀምጧል፤ ገና አልተጋጠመም፣ ቁጥሩም አልሞላም። ጥልፍ የትራስ ልብስ አለ። አንዱ አልቋል፣ ጓደኛው ላይ ያለው ግን የእርሳስ ንድፍ ብቻ ነው። ተቀዶ ያልተሰፋ የልጅ ቀሚስ አለ፤ ልጅቷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። ተሸምኖ መጥቶ ጫፉ ያልተቋጨ ጋቢ አለ። ከሁሉ የበዛው ደግሞ እናቴ ድሪቶ እሠራበታለሁ እያለች ያጠራቀመችው ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ማዳበሪያ ሙሉ።

እናቴ ዛሬም አብራን ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይኗ ግን ደክሟል፤ ኪሮሽ ከያዘች ቆይታለች። ካርቶኑ ሲከፈት አንድ አበባ አንስታ በጣቷ ዳበሰችና የማን ሠርግ ሰሞን እንደሠራችው ነገረችን። ከዚያ ወሬው አላቆመም። የሞቱ ጎረቤቶች፣ የተሰደዱ ልጆች፣ ክሩን ከየት ማን እንዳመጣላት፣ ሁሉም ተነሳ። እኔና እህቴ ይህ ነገር ተመልሶ ቁም ሳጥን ላይ አይወጣም ያልነው ያኔ ነው።

ታናሻችን ለገና ከውጭ ትመጣለች። እስከዚያ የሚቻለውን መጨረስ እንፈልጋለን። እህቶቼ አሉ፣ አብሮ አደጎቼ አሉ፣ ጎረቤታችን አለች። የአክስቴ ልጅም እጇ ጥሩ ነው። ችሎታችን ግን እኩል አይደለም። አንዳንዶቻችን ትምህርት ቤት በባልትና ክፍለ ጊዜ ከያዝነው ወዲህ መርፌ አልነካንም።

ከየቱ እንጀምር? አንድን ሥራ ብዙ እጅ ሲገባበት ይበላሻል ወይ? የድሮውን ክርና አዲሱንስ እንዴት ነው የምታስማሙት? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ

ከጋቢው ጀምሩ። የሸማኔ ልጅ ነኝና በዚህ እመኑኝ። መቋጨት ብዙ ዓይን አይፈልግም፣ ጣት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እናትሽ ራሳቸው ያስጀምሯችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ የተረፈውን ድር በእኩል እኩል ትከፋፍሉታላችሁ። ሁለት ሁለቱን ትይዙና እያንዳንዱን ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ አጥብቃችሁ ታከራላችሁ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ ስትለቋቸው ራሳቸው ወደ ተቃራኒው ይጠማዘዛሉ። ጫፉን ትቋጥራላችሁ። እጅን ትንሽ ውሃ ማስነካት ይረዳል። አንዷ ከቀኝ ሌላዋ ከግራ ጀምራ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ሳይቋጭ ግን እንዳይታጠብ። ጫፉ ከተፈታ ወደ ጥለቱ ይገባል።

ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የተፈተለ ነገር ካለ እንዳትጥሉት። ሸማኔ ዛሬም ይቀበላል። አብዛኛውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ይሆናል፣ የእጅ ፈትሉ ማግ ሆኖ ይገባል። አንዲት እናት የፈተሉት ባይበቃ እንኳ ሸማኔው ከሌላ ጋር አድርጎ ይሠራዋል። እንዲህ ዓይነት ፈትል ይዘው የሚመጡ ልጆችን አባቴ ከማንም አስቀድሞ ነበር የሚያስተናግደው። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

የባልትና መምህርት (ጡረታ)

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የእጅ ሥራና ባልትና በማስተማር ነው። ስለ ዳንቴሉ ልናገር።

ብዙ እጅ ያበላሻል የሚባለው እውነት የሚሆነው አንዱን ቁራጭ ሁለት ሰው ሲጋራው ነው። የአንዷ እጅ ይጠብቃል፣ የሌላዋ ይላላል። አንድ አበባ ላይ ከተገናኙ ይጨማደዳል። የእናትሽ ሥራ ግን በአበባ በአበባ ነው ብለሻል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። እያንዳንዷ ሙሉ አበባ ትሥራ፣ ስትጨርስ ሌላ ትጀምር። በመሃል እጅ አይቀየርም።

ከእናትሽ አበቦች አንዱ መለኪያ ይሁን። ሁላችሁም አንድ አንድ የሙከራ አበባ ሥሩና በላዩ ላይ አስተኙት። ያነሰባት እጇ ጥብቅ ነውና ወፈር ያለ ኪሮሽ ትያዝ። የሰፋባት ቀጠን ያለ ትያዝ። ለዳንቴል ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ከ1 እስከ 1.75 ሚሊሜትር ያለው የብረት ኪሮሽ ነው። የሩብ ሚሊሜትር ልዩነት እጅ ላይ ምንም አይመስልም። አልጋ ሲሞላ ግን በደንብ ይታያል።

የክሩ ቁጥር ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። 10 ቁጥር ወፍራም ነው፣ 20 ከእሱ ይቀጥናል፣ 40 በጣም ቀጭን ነው። የድሮው ክር ወረቀት ጠፍቶ ከሆነ ገበያ ስትሄዱ አንድ አበባ ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ሱቁን በቃል አትጠይቁት። ክሮቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በጣት ዳስሱ። የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ነጭም ቢሆን ከነጭ ይለያል።

የድሮው ወይቦ አዲሱ ሲነጣ ብዙ ሰው ይደነግጣል። አያስደነግጥም። አዲሶቹን በአንድ ወገን አትሰብስቧቸው፣ ከድሮዎቹ ጋር በሥርዓት አፈራርቋቸው። ያን ጊዜ ታስቦ የተደረገ ንድፍ ይሆናል።

ማጋጠሙንና ዳሩን ግን ለአንድ ሰው ብቻ ስጡ። በዚህ አልደራደርም። ዳሩን የሚዞረው እጅ ነው የሁሉንም ሥራ የሚያስማማው። ማን ትሁን ብትሉ፣ የሙከራ አበባዋ ለእናትሽ አበባ የቀረበው ትሁን። ዕድሜ አይታይ፣ ዝምድና አይታይ።

ልቃቂት

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ተብራርቶ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። የሽሮ ሜዳው ወንድሜ፣ ፈትሉ በእርግጥ አለ፤ ባዘቶም ጭምር። በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። እናቴ በእግር የሚረገጥ የድሮ ሲንጀር መኪና አላት። ጎማውን የሚያዞረው ቆዳ ተበጥሷል። በእጅ እያዞርን ስንሞክረው ደግሞ ከጨርቁ ሥር ክሩ ይጠላለፋል። ቢጠገን ይሻላል ወይስ አዲስ እንግዛ?

ስፌት መኪና ጥገና (መርካቶ)

እህቴ፣ አትሽጪው። ካስቲንግ ብረት ነው፣ ከእኔም ከአንቺም በኋላ ይኖራል። ዕድሜውን ማወቅ ከፈለግሽ አካሉ ላይ የተመታውን ቁጥር እዪ። እ.ኤ.አ. ከ1900 ወዲህ የተሠሩት በፊደል የሚጀምር ቁጥር አላቸው፤ ፊደሉና ቁጥሩ የምርት ዘመኑን ይናገራል።

ከሥር ተጠላለፈ ማለት ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ከላይ ነው። ሰው ሁሉ የታችኛውን ይወቅሳል። የላይኛው ክር ማጥበቂያው ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ነው ከሥር የሚከመረው። ጨርቁን የሚጫነውን እግር አንሥተሽ ክሩን እንደገና ከመጀመሪያው አስገቢው። መርፌውንም ቀይሪው። አሮጌ መርፌ ጫፉ ዶልዱሞ ክር ይዘላል። ለተራ ጥጥ 80 ወይም 90 ቁጥር መርፌ ይበቃል። ጠፍጣፋ ጎኑ ወዴት እንደሚዞር በመኪናው ዓይነት ይለያያልና የነበረውን ሳታወጪ አስተውይው።

መርፌው የሚገባበትን ሳህን ፈትተሽ ሥሩን በቡሩሽ ጥረጊ። ዘመን ያጠራቀመ ብናኝ ታገኛለሽ። ከዚያ የመኪና ስፌት ዘይት ጠብ ጠብ አድርጊ። የምግብ ዘይት በጭራሽ! ሲቆይ ይረጋና መኪናውን ያስራል። ብዙ ደህና መኪና የሞተው በምግብ ዘይት ነው። ዘይት ከተቀባ በኋላ በአሮጌ ጨርቅ ላይ ስፊበት፣ ትርፉ እዚያ ይጠረግ።

ቆዳው አዲስ ይገኛል። ርዝመቱን ከመቁረጥሽ በፊት ጎማዎቹ ላይ አዙረሽ ለኪው። በጣም ከላላ ይንሸራተታል፣ በጣም ከጠበቀ እግር ያደክማል። ስትጀምሪ ጎማውን ወደ ራስሽ አዙሪ፤ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይበጠሳል።

ሜሪላንድ ላይ

የድሪቶው ማዳበሪያ ልቤን ነካው። አገር ቤት ድሪቶ ሲባል የድህነት ነገር አድርገን ነው የምናየው። እዚህ አሜሪካ ስመጣ ግን ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት።

አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። የባሪያዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች በትውልድ ቅብብል ድሪቶ የሚሠሩበት ነው። ያረጀ የሥራ ሱሪ፣ የዱቄት ከረጢት፣ ያገኙትን ሁሉ ይሰፉ ነበር። ለብርድ ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው መጀመሪያ ሂዩስተን ከዚያ ኒውዮርክ ሙዚየም ታየ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አወጣበት። ከእነሱ አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ ትባላለች። በ1942 ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሱን ቀዳ ከልጇ ጋር ሆና ድሪቶ ሠራችበት። ጉልበቱ ላይ የሳሳው፣ ፀሐይ ያነጣው ጨርቅ እስከ ዛሬ ይታያል። እኔ ከዚህ በላይ መታሰቢያ አላውቅም።

ስለዚህ የእናትሽ ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ስትለዩ እናትሽን አጠገባችሁ አስቀምጧቸው። የማን ቀሚስ እንደነበር ይናገሩ፣ አንዳችሁ ጻፉ። ይህን ካላደረጋችሁ ጨርቁ ጨርቅ ብቻ ይሆናል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሁሉንም እጠቡ። የሚሸበሸበው አሁን ይሸብሸብ። የሚለጠጥ ጨርቅ አውጡ፣ ከማይለጠጥ ጋር ሲሰፋ ይጎተታል። በውፍረት ለዩ። ከካርቶን አንድ መለኪያ ቁረጡና ሁሉንም በእሱ ልክ ቅደዱ፤ መቅደድ ለማይሰፋ ሰው ይሰጥ። ለባሎችና ለልጆች ጥሩ ሥራ ነው። ቁራጮቹ ሲጋጠሙ ከጫፍ የምታስቀሩት የስፌት ስፋት ለሁላችሁም አንድ መሆን አለበት። እዚህ አገር የተለመደው ሩብ ኢንች ነው፣ ከግማሽ ሳንቲሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። እሱ ከተለያየ መስመሩ አይገናኝም።

መሃል የሚገባው አሮጌ ብርድ ልብስ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን፣ የሥሩን ጨርቅ፣ ብርድ ልብሱንና የተጋጠመውን፣ ደራርባችሁ መሬት ላይ ዘርጉና ከመሃል ወደ ዳር እያላችሁ በትልቅ ስፌት ያዙት። ካልሆነ ጥቂት ጣት እየዘለላችሁ በወፍራም ክር ቋጥሩት። መቋጠሩ ቶሎ ያልቃል። ዙሪያውን ተቀምጦ ለማውራትም ይመቻል።

ከአዳማ

እኔ ሐሳቤ ትንሽ ይለያል። ሁሉም ጅምር መጨረስ የለበትም። ያቺ የልጅ ቀሚስ ለማን ትሰፋለች? ልጅቷ አድጋለች። የእናቴን ጅምሮች በሙሉ እጨርሳለሁ ብዬ የተነሳሁ ጊዜ ሸክም ሆነብኝ። እህቴ መጥታ "ደስ የሚልሽን ለዪ፣ ሌላውን ለሚፈልገው እንስጥ" ስትለኝ ነው የቀለለኝ። ሰፈራችን ውስጥ ስፌት ለሚማሩ ልጆች ሰጠነው። በደስታ ነው የወሰዱት።

ሜሪላንድ ላይ

በሐሳብሽ እስማማለሁ፣ ቀሚሷን ግን አልስማማም። የተቀደደው ጨርቅ ወደ ድሪቶው ይግባ። ልጅቷም ትምጣና ራሷ ትስፋው።

ወሎዬዋ (ደሴ)

እኛ ሰፈር የምንጠልፈው አንድ ላይ ነው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ከዚህ የተማርኩትን ልንገርሽ እህቴ።

መጀመሪያ ቀኑን አስቡበት። እሑድና በበዓል መርፌ የማይዙ እናቶች አሉ። በ12 እና በ21 ፈትል የማይነኩም አሉ። ቅዳሜንም ሰንበት ብለው የሚያከብሩ አሉ። ዓርብ ደግሞ እኛ ጁምዓ አለን። እኛ ሐሙስ ከሰዓት ላይ ተስማምተናል። ማንም ቅር ሳይለው መቀመጥ አለበት፤ ቅር እያላት የምትመጣ ሁለተኛ አትመጣም።

ሁለተኛው እንደ እቁብ ማድረጋችን ነው። ዕጣ እናወጣለን። የወጣላት ቤት እንሄዳለን፤ የዚያን ቀን የምንሠራው የእሷን ጅምር ብቻ ነው። የራስን ይዞ መምጣት የለም። ሁሉም የራሱን ከያዘ ሥራው አይገፋም፣ ወሬ ብቻ ይሆናል። አሥር እጅ በአንድ ጅምር ላይ ሲያርፍ ግን ባለቤቷ ዓይኗን ማመን ያቅታታል። ለእህቴ ኒካህ የታሰቡት ትራሶች እንዲህ ነው ያለቁት። ብቻዬን ብሆን ልጇ ተወልዶም አይደርሱም ነበር።

ሦስተኛ፣ ባለ ዕጣዋ ቡና አታፈላም። ይህን ደንብ አድርገነዋል። ሌላ ሰው ያፍላ፣ ልጆች ያቅርቡ፣ ባል ይነሳ። በእንግዳ ቀን ሁልጊዜ ቆማ የምትውለው የቤቱ ሴት ናት፤ የራሷ ሥራ ሲሠራ እንኳ ካልተቀመጠች ምን ዋጋ አለው? ቁርሱም ቆሎ ይሁን። ቅባት ያለው ነገር ጨርቁ አጠገብ አይደርስም።

ከረሆቮት

ሰላም ከእስራኤል። ስለ ጥልፉ ትራስ ልጻፍ።

ጎንደር ሆነን ወደ እስራኤል ለመምጣት ወረፋ ስንጠብቅ እናቴ ከሌሎች እናቶች ጋር ትጠልፍ ነበር። እንስራ ያዘለች ሴት፣ በሬ የጠመደ ገበሬ፣ የኖኅ መርከብ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል ነው። አንዱ ሳያልቅ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ መጣ። ዓመታት ቆይቶ ልጄ አግኝታው "ይህ ሰውዬ ለምን እግር የለውም?" አለች። አሁን እናቴ ወንበር ላይ ሆና ትናገራለች፣ ልጄ ትጠልፋለች። እናቴ የምታወራው በአማርኛ ነው፣ ልጄ የምትመልሰው በዕብራይስጥ ነው። በመርፌው ግን ይግባባሉ።

ያለቀውን ትራስ ገልብጠሽ ጀርባውን እዪ። ክሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ እዚያ ተጽፏል። የቱ ቀለም ቀድሞ እንደገባ፣ ስፌቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ከፊቱ ይልቅ ከጀርባው ይታወቃል። ሰንሰለት ይሁን የመስቀል ጥልፍ ገልብጠሽ ስታዪው ትለዪዋለሽ።

የእርሳሱ ንድፍ ደብዝዞ ከሆነ ያለቀውን ትራስ በቀን ብርሃን መስኮት መስታወት ላይ ለጥፈሽ በስስ ወረቀት ገልብጪው። ከዚያ በካርቦን ወደ ጨርቁ ታሳልፊዋለሽ። ጨርቁን ሳትጠልፊ አትጠቢው፣ የቀረውም ንድፍ ይጠፋል። ዲኤምሲ የሚባለው ፋብሪካ የጥልፍ ክር ከሆነ ወረቀቱ ላይ የቀለም ቁጥር አለ። ቁጥሩ ካለሽ የትም አገር ያው ቀለም ይገኛል። ታናሽሽ ከውጭ የምትመጣ ከሆነ ቁጥሩን አሁን ላኪላት። ጨርቁን የምትወጥሩበትን የእንጨት ክብ ደግሞ ማታ ማታ አውልቁት። ከቆየ የማይለቅ ምልክት ይተዋል።

ጅዳ ያለሁ

ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በዕረፍቴ ቀን ጓደኛዬ ክፍል እንሰበሰባለን፣ ዳንቴል እንሠራለን። እናቴ በቪዲዮ ገብታ ቆጠራውን ታስተካክልልኛለች። "ያቺ ሰባተኛዋ ላይ ዘለልሽ" ትለኛለች ከወልዲያ። ርቀን ያለን ሰዎች አበባ ሠርተን መላክ እንችላለን። ልቃቂት፣ ለእናትሽ አልጋ ልብስ የክሩን ቁጥርና የአንዱን አበባ ፎቶ ብትለጥፊው አንድ ሠርቼ በሰው እልክልሽ ነበር።

ልቃቂት

የኔ እህት፣ ፎቶውን አሁን ለጠፍኩት። 20 ቁጥር ነው። ለእናቴ ስነግራት "የማላውቃት ልጅ አበባ ትሠራልኛለች?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

እስካሁን ያለውን ልንገራችሁ። በወሎዬዋ ምክር ሐሙስ አድርገነዋል። ጋቢው ተቋጭቷል። እናቴ ናት ያስጀመረችን፣ እኛ ከመጨረሳችን በፊትም የራሷን ጫፍ ጨርሳ ተቀምጣለች። የሙከራ አበባውን ሁላችንም ሠራን። ለእናቴ እጅ የቀረበው የጎረቤታችን ሆነ፤ ዳሩን እሷ ትይዘዋለች። እህቴ ትንሽ ከፋት፣ ግን የእትዬን መልስ አነበብኩላትና ተቀበለች። አሁን ወደ ድሪቶው ዞራለች። የጨርቆቹን ታሪክ የምትጽፈውም እሷ ናት። ከማዳበሪያው ውስጥ የአባቴ የደንብ ልብስ እጅጌ ወጣ። እንደተቀመጠ እናቴም አላስታወሰችም ነበር። እሱ መሃል ይገባል ብለናል።

መኪናው ይሠራል ጋሼ፣ ተባረክ። የክሩ ነገር ልክ እንዳልከው ከላይ ነበር።

የቀረኝ አንድ ነገር፦ ከድሮዎቹ አበቦች አንዳንዱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለ። አንዷ ጓደኛዬ በረኪና አለች። ፈራሁ።

የባልትና መምህርት (ጡረታ)

ደግ አደረግሽ ፈራሽ። በረኪና የቆየን ጥጥ ያሳሳዋል፣ ዛሬ ይነጣልሽና ነገ ይበጣጠሳል። ለብ ባለ ውሃ በለስላሳ ሳሙና ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። ውሃው ሲደፈርስ ቀይሪ። አትሺው፣ አትጠምዝዢው። ጥልፉን ግን እንዲህ አታድርጊው። መጀመሪያ ቀዩንና ጥቁሩን ክር በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገሽ ሞክሪው፤ ቀለም ከለቀቀ ውሃ አይንካው። ዳንቴሉን ስታወጪው በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን አስጨርሺ። ከዚያ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግተሽ አስጪው። በገመድ ከተሰቀለ በውሃው ክብደት ይለጠጥና ከአዲሶቹ ጋር አይገጥምም።

የምትሰበሰቡት የት ሰፈር ነው ልጄ? ቅርብ ከሆነ ሐሙስ መጥቼ ማጋጠሙን ለጎረቤትሽ በእጄ ላሳያት።

ልቃቂት

ኮተቤ ነን እትዬ። የእህቴ ልጅ በስምንት ሰዓት መኪና ይዞ ይመጣልዎታል። ዕጣው የእኛ ስለሆነ ቡናውን የምታፈላው ጓደኛዬ ናት፤ እርስዎ ከእናቴ አጠገብ ይቀመጣሉ።